ሐረጎን ስንወርድ

ደሴ መናኸሪያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ረዳቱ "ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል። አምስት ወንበር ባዶ ነው። ጦሳ አናቱ ላይ ጉም ጠምጥሟል።

ከኋላ ወንበር አንዲት እማማ አጠገብ ተሸጎጥኩ። "አብሽር፣ ጠጋ በል" አሉኝ። ጭናቸው ላይ ዘንቢል፣ ዘንቢሉ ውስጥ በጭድ የታቀፈ አዲስ ጀበና አለ። ኮምቦልቻ ለተዳረች ልጃቸው ነው።

ሰው መንገድ ላይ ዘፈን ይሰማል፤ እኔ ስለ ኑክሌር ቆሻሻ አነባለሁ። ምን ታደርጉኛላችሁ። እማማ ስልኬን አጮልቀው አዩና "ምንድን ነው፣ የውሃ ጋን?" አሉ።

"የመዳብ በርሜል ነው እማማ። ስዊድኖች መብራት ያመነጩበት የኑክሌር ነዳጅ ሥራውን ቢጨርስም መርዙ አያልቅም። በዚህ አሽገው ፎርስማርክ የሚባል ቦታ፣ 500 ሜትር ገደማ ቋጥኝ ውስጥ ሊቀብሩት ነው። ለ100,000 ዓመት።"

ሐረጎን መውረድ ጀምረናል። ጆሮዬ ድፍን አለ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የምንወርደው ራሱ ከ500 ሜትር ይበልጣል፤ እኛ ግን በጥምዝምዙ ነው።

"ዙሪያውን ደግሞ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ አፈር ይጠቀጥቁበታል።"

ጭዱን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። "እንደዚህ ነዋ።" ቀጠሉና፣ "ያገሩ ሰውስ ምን አለ?"

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ቆሻሻውን የሚቀብረው ኩባንያ የፈቃድ ማመልከቻውን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዕቅዱን እንዲመረምሩ ለአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ገንዘብ ተሰጣቸው፤ ያውም የኑክሌር ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከሚያዋጡት ፈንድ። ለሚሞግትህ ሰው መክፈል! የስቶክሆልም ተመራማሪዎች ደግሞ መዳቡ ኦክስጅን በሌለው ውሃም ዝጎ ሊበላ ይችላል ብለው ተከራከሩ። በ2018 የአካባቢ ፍርድ ቤቱ የመዳቡ ጥያቄ ሳይጠራ አትፍቀዱ ብሎ ለመንግሥት ጻፈ። በ2020 ፎርስማርክ በሥሩ ያለው የኦስትሃማር ከተማ ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ተቀበለ። መንግሥት የፈቀደው በ2022 ነው።

"አስራ አንድ ዓመት ለአንድ ጉድጓድ!" አሉ እማማ። "እንቢ ቢሉስ ኖሮ?"

"እንቢ የማለት መብት በሕግ አላቸው።"

ትንሽ ዝም አሉ። "እኛ ሰፈር የቆሻሻ መድፊያ ሲቆፈር ያወቅነው ዶዘሩ አጥራችን ስር ሲደርስ ነው። በሳምንቱ ስብሰባ ጠሩን። ለስላሳ ጠጣን፣ ፈረምን።"

"ምን ብላችሁ ፈረማችሁ?"

"መገኘታችንን ነዋ! ኋላ አቤት ልንል ስንሄድ፣ ተስማምታችሁ ፈርማችኋል አሉን።"

እኔም ሳቅኩ፣ እሳቸውም ሳቁ፤ የሚያስቅ ሆኖ አይደለም።

ኮምቦልቻ ስንገባ ሙቀቱ ተቀበለን። ጃኬቴን አወለቅኩ። እማማ "ወራጅ!" ብለው ዘንቢሉን እንደ ሕፃን አቅፈው ተነሱ። በሩ ላይ ቆም አሉና ዞረው አዩኝ።

"ያ መዳብ ግን… መበላቱ ነገር መጨረሻው ምን ሆነ?"

ረዳቱ "እማማ፣ ቶሎ ቶሎ!" ብሎ በሩን ዘጋው።