አልበሜን የሰሙት ምን አሉ?

ብቻዬን አቀናብሬና ሚክስ አድርጌ (ድምፆቹን አመጣጥኜ) ያወጣሁት የመጀመሪያ አልበሜ ላይ የሚሰጠው አስተያየት አሁን ረገብ ብሏል። ክራር፣ ሲንት (ሲንተሳይዘር)፣ ችክችካና ትንሽ ሂፕ ሆፕ የተቀየጡበት ሥራ ነው። እናንተም ቤታችሁ በላፕቶፕ የምትሠሩ ስላላችሁ የጠቀመኝንና ያልጠቀመኝን ላካፍላችሁ።

በብዛት የተነሳው «ይሄ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» የሚለው ነበር። አንድ የኤፍኤም አዘጋጅ «ጃዝም አይደል፣ ባህላዊም አይደል» ብሎ አለፈው። ከዚህ ምንም አልወሰድኩም። ሙላቱ አስታጥቄ ኒው ዮርክ የቀዳው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የወጣው እኮ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። የአዲስ አበባ ጆሮ ለቅይጥ እንግዳ አይደለም።

የጠቀመኝ የመጣው አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብለን ከሰማው ማሲንቆ ተጫዋች ጓደኛዬ ነው። ስለ አንዱ ዘፈን፣ ቅኝቱን ማለቱ ነው፣ «ስትጀምር አንቺ ሆዬ ነበር፤ አዝማቹ ላይ የት ገባ?» አለኝ። ሌላ ሰውም ስለዚሁ ዘፈን «አዝማቹ ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል» ብሎ ጽፏል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን ሲቀስሩ ፋይሉን መክፈት ግድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ሆዬ ሲ ከምትባለው ኖታ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ የለችም። ስለዚህ መነሻው ሲ ላይ የለመድነው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) አይሟላም። ኤፍ፣ ኤ እና ሲ ግን አሉ፤ ሲገጥሙ ጥርት ያለ ኤፍ ሜጀር ይወጣቸዋል። ጣት ደግሞ ወደ ለመደው መሄድ ይወዳል፤ የኔም አዝማቹ ላይ ወደዚያው ሄዷል። ቤዙ ኤፍ ላይ ካረፈ ጆሯችን መነሻውን ኤፍ ያደርገዋል። ከቅኝቱ የወጣች አንዲት ኖታ ሳትኖር አንቺ ሆዬው ይተናል። «ትዝታዎቹ ይሻላሉ» ያሉኝ ሰዎች ነገርም ያኔ ገባኝ። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ስለሆነ ኮርዱ ከነመነሻው ሙሉ ነው፤ ኪቦርድ አይጣላውም።

አሁን ለመድረክ ስናዘጋጀው ቤዙ ሲ ላይ ይቆያል። ኮርድ የሚባል ነገር የለም፤ ሲንቱ ከክራሩ ሥር የራሱን ዜማ ይዞ ይሄዳል። በጣም ይሻላል።

«ክራሩ በደንብ አልተቃኘም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ክራሩ የተቃኘው በጆሮ ነው፣ ሲንቱ ደግሞ ኦክታቩን (ከአንዱ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለውን) እኩል 12 ቦታ ከፍሎ ነው የሚመጣው። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ትንሽ መፋተግ አለ። እኔ ያን መፋተግ እወደዋለሁ፤ አልነካውም።

የቀረው የሚክስ ጉዳይ ነው። ከፒያሳ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የሰሙት ሁሉ «ድምፅህ ሰጥሟል» ይላሉ። እኔ ግጥሙን በቃሌ ስለማውቀው ቢሰጥምም ይሰማኛል። ለቀጣዩ ነጠላ ዜማ ሚክሱን ግጥሙን አይቶ ለማያውቅ ልጅ ሰጥቻለሁ። ገና ከመጀመሩ ደውሎ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ምንድነው የምትለው?» አለኝ።