አድራሻውን ማግኘቱ አይደለም ከባዱ

ሐሙስ ማታ ክፍል ልንጨርስ አስር ደቂቃ ሲቀረን አንድ ተማሪዬ ማይኩን ከፈተና "መምህር፣ ስሙን ብቻ የማውቀውን ሰው የቤት አድራሻ እንዴት ነው ማገኘው?" አለኝ። ይሄ ጥያቄ በየዙሩ ይመጣል። እኔም ሁሌ መልሱ ውስጥ ከመግባቴ በፊት መልሼ እጠይቃለሁ፣ አድራሻውን የፈለገው ማነው፣ ሲያገኘውስ ምን ሊያደርግበት ነው? ትንሽ ዝም አለና "ለልምምድ ነው" አለ። ለልምምድ ከሆነ የራስህን አድራሻ ፈልግ፣ ያገኘህበትን መንገድ አንድ በአንድ ጽፈህ ለሚቀጥለው ክፍል ይዘህ ና አልኩት።

ለማታውቁኝ፣ ቀን ቀን የግል መርማሪ ሆኜ እሰራለሁ፣ በሳምንት ሁለት ማታ ደሞ ይሄንኑ ስራ ኦንላይን አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ስራ ውለው ነው የሚገቡት፣ ጥበቃ የሚሰራ አለ፣ ሒሳብ ሰራተኛ አለ፣ ከፖሊስ ጡረታ የወጡ አሉ፣ ልጅ ታቅፋ ካሜራዋን ዘግታ የምትከታተል እናት አለች። ደክሟቸውም እንኳን ሳይገባቸው ዝም ብለው አያልፉም፣ ለዚህ በጣም ነው ማከብራቸው። ስራውን ግን አብዛኞቹ ከፊልም ነው የሚያውቁት፣ መኪና መከተል፣ ከሩቅ ፎቶ ማንሳት ምናምን። እሱም አለ፣ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው መዝገብ በማገላበጥ፣ በመጠበቅና በመጻፍ ነው፣ በተለይ በመጻፍ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ስራ መስኮት ጋ ተቀምጦ ሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ የሚታየውን ከነሰዓቱ መጻፍ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ዘንድሮ ጡረተኛው ፖሊስ የላኩት እንዲህ ይላል፦ "10፡12 አንድ የተጨነቀ ሰው ሚስቱን ሲጠብቅ ቆይቶ ተናዶ ሄደ።" ስክሪን ሼር አድርጌ ቃል በቃል አየነው። የተጨነቀ፣ በምን አወቁ? ሚስቱን፣ ማን ነገረዎት? ተናዶ፣ ምኑን አይተው? እሳቸው ትንሽ ቅር አላቸው፣ "እኔ እኮ ሃያ አመት ሰርቻለሁ፣ ሰው ሲናደድ አውቃለሁ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ያውቃሉ፣ ልምዳቸው የቱ ጋ ማየት እንዳለባቸው ይነግራቸዋል፣ ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ግን ያወቁት ሳይሆን ያዩት ነው፣ ምክንያቱም ነገ ፍርድ ቤት ጠበቃው "ተናዶ" የምትለዋን ቃል ይዞ ከጣላት ሌላውንም አብሮ ነው የሚጥለው። መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦ "10፡12 ጥቁር ጃኬት የለበሰ ወንድ በሩ አጠገብ ቆመ። ስልኩን 3 ጊዜ አየ። 10፡26 ወደ ግራ ሄደ።" አስራ አራት ደቂቃ የቆመ ሰው አለን፣ ከዛ ውጭ ምንም የለንም።

ቃል ሰው ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደሚሰራ ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1974 የስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የሰሩትን ጥናት አነሳላቸዋለሁ። የመኪና ግጭት ፊልም ለሰዎች አሳይተው ፍጥነቱን ጠየቁ፣ ጥያቄው ላይ የቀየሩት አንድ ግስ ብቻ ነው። መኪኖቹ "ሲላተሙ" በሚል ጠንከር ያለ ቃል የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት ወደ 41 ማይል አሉ፣ "ሲነካኩ" ተብለው የተጠየቁት ደሞ ወደ 32። ይባስ ብሎ በሁለተኛው ሙከራ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ሲባሉ፣ በጠንካራው ቃል ከተጠየቁት 50 ሰዎች 16ቱ አዎ አሉ፣ ፊልሙ ላይ ግን የተሰበረ መስታወት የለም። እኔ ምስክር ሳናግር "ምን አየህ?" ብዬ ዝም የምለው ለዚህ ነው። ጥያቄህ ውስጥ መልሱን ከከተትከው የምትሰማው የራስህን ድምፅ ነው።

ስለ ፎቶ ባጭሩ። አብዛኞቹ የመልእክት አፖች ፎቶ ሲላክባቸው የተነሳበትን ቦታና ሰዓት የያዘውን ሜታዳታ ያጠፉታል፣ ስለዚህ ስክሪንሾት ወይ ፎርዋርድ የተደረገ ፎቶ ይዛችሁ ማስረጃ አለኝ አትበሉ፣ ዋናውን ፋይል ከስልኩ ውሰዱ፣ ማን መቼ እንደሰጣችሁ መዝግቡ፣ ሃሹን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን እንደ ጣት አሻራ ያለ ኮድ፣ አውጡና አስቀምጡ። ፋይሉ ላይ አንድ ነገር ከተነካ ሃሹ ይቀየራል።

የመርማሪነት ፈቃድን በተመለከተ ደሞ የየአገሩ ህግ የተለያየ ነው፣ ያለፈቃድ መስራት ወንጀል የሆነበት አለ፣ ፈቃድ ማይጠየቅበትም አለ፣ አንድ ደንበኛ ከመቀበላችሁ በፊት የምትሰሩበትን ቦታ ህግ አንብቡ።

ወደ አድራሻ ጠያቂው ተማሪ ልመለስ። በሚቀጥለው ክፍል ላይ አስቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። የራሱን አድራሻ በ40 ደቂቃ አግኝቶታል። ባለቤቱ የልጃቸውን ልደት ፎቶ ለጥፋለች፣ ከኋላ የተከፈተ በር አለ፣ በሩ ላይ ቁጥሩ ይነበባል፣ የሰፈሩ ስም ደሞ እሱ ራሱ የዛሬ ስንት አመት ያገለገለ እቃ ሊሸጥ የለጠፈው ማስታወቂያ ላይ አለ። ሁለቱን ሲያገጣጥም አለቀ። "መምህር፣ ማታ ተነስቼ በሩን ሁለቴ አየሁት" አለን። ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ።

ያኔ ነው ሁለት ታሪክ የነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬቤካ ሼፈር የምትባል የ21 አመት ተዋናይ ለረጅም ጊዜ ሲከታተላት የነበረ ሰው በሯ ላይ ተኩሶ ገደላት። አድራሻዋን ያገኘው የግል መርማሪ ቀጥሮ ነው፣ መርማሪው ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ አውጥቶ ሰጠው። ከዛ በኋላ በ1994 የአሜሪካ ኮንግረስ የአሽከርካሪዎችን መረጃ የሚጠብቅ ህግ አወጣ። ሁለተኛው በ1999 ኒው ሃምፕሻየር በምትባል የአሜሪካ ግዛት ነው፣ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ መረጃ ለሚሸጥ ድርጅት ከፍሎ የአንዲት ወጣት ስራ ቦታ የት እንደሆነ ገዛ፣ የስራ ቦታዋ የታወቀው ደሞ ሌላ ሰው መስሎ ስልክ በመደወል ነው፣ ከስራ ስትወጣ ጠብቆ ገደላት። በ2003 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መርማሪ የሌላን ሰው የግል መረጃ ለደንበኛ ሲሰጥ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። እነዚህን ባወራሁ ቁጥር ልቤ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ጋ የፍለጋው ስራ ራሱ በትክክል ነው የተሰራው። የተባለው ሰው ተገኝቷል።

እኔ የምሰራበትን መንገድ ነገርኳቸው። የጠፋ ዘመድ፣ የድሮ ጓደኛ፣ ወላጅ እናት ፈልግልኝ ሲባል፣ ሳገኝ መጀመሪያ የምነግረው ለተፈለገው ሰው ነው። ከፈቀደ አገናኛለሁ፣ ካልፈቀደ ለደንበኛዬ "አግኝቻቸዋለሁ፣ መገናኘት አልፈለጉም" ብዬ እዛው አቆማለሁ፣ ይሄም ከመጀመሪያው ውላችን ላይ ተጽፎ የተፈረመ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት ለማድረስ ከሆነ አድራሻው ለጠበቃው ይሄዳል። ያው ተማሪ "ደንበኛው ቢቆጣስ?" አለ። ይቆጣል፣ ሁለት ሶስቴ ደርሶብኛል፣ አንዱ ከሳምንት በላይ እየደወለ ሰድቦኛል፣ አድራሻውን ግን አላገኘም።

ለዚህ ሳምንት የሰጠኋቸው ስራ ለተፈለገው ሰው የሚላከውን የመጀመሪያ መልእክት መጻፍ ነው። ከሁሉ ልቤን የነካው ልጅ ታቅፋ የምትማረዋ እናት የላከችው ነው፣ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ሴት ብቻዋን ይሄን ስራ ትችላለች ወይ ብላ ስትጠይቀኝ እ.ኤ.አ. በ1856 ፒንከርተን የተባለው የአሜሪካ የግል ምርመራ ድርጅት የቀጠራትን ሴት መርማሪ ኬት ዋርንን ያነሳሁላት ናት። እንዲህ ጻፈች፦ "ጤና ይስጥልኝ። የግል መርማሪ ነኝ። ወንድምዎ ነኝ ያሉ ሰው እንዳፈላልግዎ ጠይቀውኛል። የት እንዳሉ አልነገርኳቸውም፣ እርስዎ ካልፈቀዱም አልነግራቸውም። መልስ መስጠት ግዴታ የለብዎትም።"

ስክሪን ላይ አውጥቼ አነበብኩት። ጡረተኛው ፖሊስ ማይካቸውን ከፍተው "ቆይ መምህር፣ ሶስተኛዋን መስመር ድገሙልኝ" አሉ። ደገምኩላቸው። "ወንድምዎ አላለችም" አሉ፣ "ወንድምዎ ነኝ ያሉ ነው ያለችው።"