ሁለት 2016፣ አንድ ቆጣሪ

ታላቅ እህቴ ለንደን ከገባች ቆይታለች። እኔ እታለም ነው የምላት። በእኛ ሰኔ 2008 አንድ ቀን ደወለችና "ወጣን እኮ!" አለችኝ። ደነገጥኩ። ከተከራየችበት ቤት ያስወጧት መስሎኝ ነበር። ለካ እንግሊዞች ሰኔ 16 ቀን ድምፅ ሰጥተው፣ 52 በመቶ ገደማው ከአውሮፓ ህብረት እንውጣ ብሎ ነው።

"ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ?" አልኳት።

"ፓውንዱ ወደቀ ነው የምልህ! መብራት ሊጨምር ነው።"

ያኔ አልገባኝም። ድምፅና መብራት ምን አገናኛቸው? እሷ ግን ቤቷ ካርድ የሚሞላበት ቆጣሪ ስለነበር ነገሩን በደንብ ታውቀዋለች። ቁልፍ የመሰለች ነገር ይዛ ሰፈሯ ሱቅ ትሄዳለች፣ ታስሞላለች፣ መጥታ ቆጣሪው ላይ ትሰካለች። ያለቀ ቀን ጨለማ ነው። እንደዚህ የሚኖር ሰው የእያንዳንዱን ኪሎዋት ዋጋ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፁ በተቆጠረ ማግስት ፓውንድ ከዶላር ጋር ሲነፃፀር በፈረንጅ ከ1985 ወዲህ ባልታየ ደረጃ ወረደ። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ከኤሌክትሪኳ 40 በመቶ ገደማውን የምታመነጨው በጋዝ ነበር። ከጋዙ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ከውጭ ይገዛል። ገንዘብህ ሲረክስ ከውጭ የምትገዛው ይወደዳል። ምክንያቱ እሱ ብቻ እንዳልነበረ ግን ልጨምር። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ፈረንሳይ በርካታ የኒውክሌር ማመንጫዎቿን ለፍተሻ ስለዘጋች በአካባቢው ኤሌክትሪክ ተወዶ ነበር። እታለም ይሄን አትቀበልም። ለእሷ ሁሉም ነገር የድምፁ ጥፋት ነው።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ሌላ ወሬዋ ነው። ጭማሪው በማግስቱ አልመጣም። መብራት ሻጮቹ ኃይሉን ወራት ቀድመው ስለሚገዙ፣ በድሮው ዋጋ የገዙት እስኪያልቅ ጊዜ አለ። ትላልቆቹ ኩባንያዎች ዋጋ የጨመሩት በቀጣዩ ዓመት፣ በፈረንጅ 2017 ነው። እታለም በዚያ መሃል ስድስት ወር ቆጣሪዋን እያነበበች ከረመች። ምን ስንት እንደሚበላ ለየች። ጭማሪው ሲመጣ እሷ ቀድማ ቀንሳ ነበር።

እኔ "ጎበዝ" ብዬ ረሳሁት።

ከዚያ የእኛው 2016 መጣ። የእነሱ 2016 በፈረንጅ ነው፣ የእኛው በእኛ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። ነሐሴ ላይ 100ን ዘለለ። እኛ እንደ እነሱ ድምፅ አልሰጠንበትም፣ ጠዋት ስንነሳ ሆኖ ጠበቀን። እታለም የዚያኑ ዕለት ደወለች። "አሁን ተራህ ነው፣ ቆጣሪህን አንብብ" አለች።

"የእኛ መብራት ከውሃ ነው፣ ጋዝ አንገዛም" አልኳት። ኩራትም ነበረኝ።

"ትራንስፎርመሩስ? ሽቦውስ? ብድሩስ? እነሱም ከውሃ ነው?"

መልስ አጣሁ።

አሁን ስህተቴን ልናገር። እሷ አንብብ ስትለኝ እኔ ሄጄ ከሰል ገዛሁ። አምስት ማዳበሪያ። ሰኞ ገበያ ወርጄ ተከራክሬ ገዝቼ፣ ጓሮ ቆርቆሮ ስር ደረደርኩ። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ቦታው ደሴ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ደመናው አልነሳ ብሎ ሳምንት ሙሉ ዘነበ። ከሰሉ ረጠበ። የረጠበ ከሰል የለኮሰ ያውቀዋል፣ ቤቱ ጭስ በጭስ። አንድ ቀን ብርድ ነው ተብሎ በሩ ተዘግቶ እናቴ ራሷን ይዛ፣ ወደ ላይ ሊላት እያለ ተነሳች። አየር አስገብተን ተሻላት። ከሰል በተዘጋ ቤት ይገድላል። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ብርዱ ያስረሳናል። ከዚያ ቀን በኋላ ከሰል ለቡና ብቻ ሆነ፣ እሱም በር ተከፍቶ።

መስከረም 2017 አዲሱ ታሪፍ ወጣ። በአንዴ ሳይሆን አራት ዓመት ላይ ተከፋፍሎ፣ በየሦስት ወሩ የሚጨምር። ያኔ ነው የእታለም ነገር የገባኝ። በየሦስት ወሩ ከሆነ እኮ እኔም ጊዜ አለኝ! ደብተር ገዛሁ።

ግቢያችን ሦስት ቤት ነው። እኔ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት ነን። ጓሮ ሕፃን ያላቸው ባልና ሚስት አሉ። በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ደግሞ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት አለ። ቆጣሪው አንድ ነው። ይሄ ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳት አለው። ታሪፉ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወጣል። ካለፈው ታሪፍ ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ለአንዱ 27 ሳንቲም ሲከፍል፣ ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48 ነበር። ዘጠኝ እጥፍ! ሦስት ቆጣቢ ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲገባ እንደ አንድ አባካኝ ቤት ይቆጠራል።

ለሁለት ሳምንት ምንም ሳልቀይር ማንበብ ብቻ ሆነ ሥራዬ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ወጣቱ ተከራይ "ጋሼ፣ ቆጣሪው ይሰረቃል ብለው ነው?" ይለኛል። ሳሰላው ለወሩ 280 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ወጣ።

ከመጀመሪያው የጠረጠርኩት ምጣዱን ነው። ምጣዳችን 3.5 ኪሎዋት ነው፣ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት አምስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። እኛ በየሦስት ቀኑ እንጋግራለን፣ ጓሮዎቹም በራሳቸው ምጣድ እንደዚሁ። ደብተሬን ይዤ ባለቤቴ ፊት ቆምኩና "ምጣዱ እስኪግል ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ በየጊዜው አንድ ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ እያቃጠልን ነው" ብዬ ንግግር አደረግሁ። እናቴ ከጎን ሰማችኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምጣድ ከጋለ እንዳይበርድ ይጋገርበታል ብዬ ስንት ዘመን ስናገር የት ነበርክ?"

እውነቷን ነው። እሷ የመጨረሻው እንጀራ ከመውጣቱ በፊት ማጥፊያውን ታጠፋለች። በቀረው ግለት አንድ ሁለት እንጀራ ታወጣለች፣ ከዚያ ቆሎ ትቆላለች። እኔ በደብተር ያገኘሁትን እሷ በእጇ ነው የምታውቀው።

እንግዲህ ከጓሮዎቹ ጋር ተነጋገርን። የእነሱ ምጣድ ተሰንጥቋል፣ አንዱን እንጀራ ለማብሰል የእኛን እጥፍ ይፈጃል። በእኛ ምጣድ በተራ፣ ሳይበርድ፣ ሁለቱም ቤት አከታትሎ ይጋገር አልን። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ሞከርን። ደሴ ብርድ ነው፣ እንጀራው ይቆያል ብዬ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሻገተ። ባለቤቴ የሻገተውን ሰፌድ ላይ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ምንም አልተናገረችም። ረቡዕና ቅዳሜ ሆነ።

ግን ትልቁ ሌባ ምጣዱ አልነበረም። ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ። ማታ 4 ሰዓት ካነበብኩት እስከ ንጋት ድረስ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ጨምሮ ያድራል። ፍሪጅ እንደዚህ አይበላም። አንድ ማታ ፍሪጁን ነቀልኩና ቆጣሪው ፊት ቆምኩ። ቁጥሩ አሁንም ይሄዳል። በየተራ እያጠፋሁ ስሄድ የሻወሩ ቦይለር ሆኖ ተገኘ። ቀንም ሌትም በርቶ፣ በደሴ ብርድ የሚበርደውን ውሃ እንደገና እያሞቀ፣ እንደገና እያሞቀ። ማንም ሰው በሌሊት አይታጠብም! ለመታጠብ አርባ ደቂቃ ሲቀር ማብራት ጀመርን። የሻይ ውሃም ጠዋት አንዴ ፈልቶ ፔርሙዝ ይገባል። አምፖሉን ቀደም ብለን ቀይረን ነበርና እሱ ላይ ብዙም አላተረፍንም።

ሦስት ወር ሲሆን 280ው 215 ሆነ። አንድ ወር 196 ገባን፣ ከ200 በታች፣ ማለትም አንድ እርከን ወረድን። በሚቀጥለው ወር እንግዳ መጣና 212 ሆነ። ያም ሆኖ ሒሳቡ ከድሮው በብር አልቀነሰም። ታሪፉ እየጨመረ ነውና ያተረፍነው ባለንበት መቆየት ነው። ይሄን ለእታለም ስነግራት "አብሽር፣ እኔም እንደዛው ነኝ" አለች። እዚያ በካርድ ለሚሞሉት በፈረንጅ ሚያዝያ 2017፣ ለብዙዎቹ ሌሎች ደግሞ በጥር 2019 የዋጋ ጣሪያ ተበጅቶላቸዋል። ጣሪያው ግን እሱም ከፍ ይላል።

ያልተፈታው ጉዳይ ክፍያው ነው። ድሮ ለሦስት እኩል ነበር። ወጣቱ "እኔ እንጀራ ከሱቅ ነው የምገዛው፣ ለምን የእናንተን ምጣድ እከፍላለሁ?" አለ። ልክ ነው። አሁን ምጣዱ ለብቻው ይቆጠራል። ሲበራ አንዴ፣ ሲጠፋ አንዴ ይጻፋል፣ ሁለቱ ቤት ይካፈለዋል። የቀረው ለሦስት ነው። ሕፃኑ ትኩስ ውሃ ይፈልጋል ተብሎ ደግሞ ቦይለሩ ላይ ሌላ ክርክር ተነስቷል። የጓሮዋ እናት ትክክል ናት፣ ወጣቱም ትክክል ነው፣ እኔ መሃል ላይ ደብተር ይዤ ቆሜያለሁ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ግቢው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ወጣቱ "በቃ፣ ከእንግዲህ ይረክሳል" አለ። ማንም መልስ አልሰጠውም። እናቴ ብቻ "ቴሌቪዥኑም እየበላ ነው፣ ጻፍ" አለችኝ።

በቀደም ህዳር 12 የእናቴ የሚካኤል ዝክር ነበር። ምጣዱ ከንጋት ጀምሮ በርቶ ዋለ። ደብተሬን ይዤ ወደ ቆጣሪው ስሄድ በበትሯ መንገዴን ዘጋችው። "ዛሬ አይቆጠርም!" የጓሮዋ ተከራይም ከኋላ ሆና "እማማ፣ የእኛም መውሊድ እንደዚሁ ይሁንልን" አለች። ተስማሙ። የዚያ ቀን ገጽ ባዶ ነው።