የቮልሴን የእጅ ፍሬን ካቦ እንዴት እንደቀየርኩ

ጎንደር ውስጥ መኪና ለማቆም ሜዳ ቦታ ማግኘት ዕድል ነው። ከፒያሳ ትንሽ ወጣ ካልክ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ እሱም ከተገኘ ነው። በፈረንጆቹ 1971 የተሠራች ቮልስዋገን አለችኝ፤ የእጅ ፍሬኗ አልይዝ ብሎ ብዙ አስቸግሮኛል። እጀታው ሽቅብ ይሳባል፣ ይሳባል፣ መኪናዋ ግን ቀስ ብላ ትንሸራተታለች። ማርሽ አስገብቼ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ካላደረግኩ ጥያት መሄድ አይታሰብም።

ከዚያ በፊት አንድ ጋራዥ አስገብቻት ነበር። እዚያ የሠሩት የካቦውን፣ ማለትም ፍሬኑን የሚስበውን የብረት ገመድ፣ ዳዶ ማጥበቅ ብቻ ነው። ለጥቂት ጊዜ ያዘችና ተመልሳ ያው ሆነች። ይባስ ብሎ የኋላ ግራ ጎማዋ ስትነዳ መጋል ጀመረ። ያኔ ነው ራሴ ልግባበት ያልኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ካለው እጀታ ሁለት ካቦዎች ይነሳሉ፤ አንዱ ለኋላ ግራ፣ አንዱ ለኋላ ቀኝ ጎማ። ወለሉ መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ በቀጫጭን ቱቦዎች ያልፋሉ። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው ክብ ብረት፣ ታምቡሩ ውስጥ ሲደርሱ ከአንዲት የብረት ምላስ ጋር ይያያዛሉ። እጀታውን ስትስብ ምላሷ ሸራዎቹን፣ ታምቡሩን አሽተው የሚያቆሙትን፣ ወደ ታምቡሩ ትገፋለች። ዘይት የለበትም፣ ፓምፕ የለበትም። የእግር ፍሬኑ የሚገፋውም እነዚያኑ ሸራዎች ነው። ስለዚህ ሸራው ሲያልቅና ከታምቡሩ ሲርቅ፣ ካቦው ያን ሁሉ ርቀት መሳብ አለበት። ካቦውን በማጥበቅ ርቀቱን መደበቅ ይቻላል። ግን ሸራዎቹ ወደ ቦታቸው መመለስ ያቅታቸዋል። ታምቡሩን እያሹ ይሄዳሉ፣ ጎማውም ይግላል። የእኔም ጎማ የጋለው በዚህ ነው።

ካቦዎቹን ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። የቮልስ ካቦ እንደ ሞዴሉ ዓመት ርዝመቱ ይለያያል። ለሻጩ ዓመቱን መንገር ብቻ አይበቃም፤ አሮጌው ከወጣ በኋላ አዲሱን አጠገቡ ዘርግቶ መለካት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ቢበጠስም ሁለቱንም መቀየር ይሻላል። አሮጌው ተለጥጧልና ከአዲሱ ጋር እኩል አይስብም።

ሥራውን የሠራነው አዘዞ፣ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ያሳለፉ አንድ ጋሼ ግቢ ውስጥ ነው። አዘዞ ሜዳ ነው። የእጅ ፍሬኗ የማይሠራ መኪና በክሪክ ለማንሳት ሜዳ መፈለግ ቅንጦት አይደለም። የወንድሜን ልጅም ፍሬን እንዲረግጥልን ይዘነው ሄድን።

ከባዱ ታምቡሩን ማውጣት ነው። መሃሉ ላይ ያለችው ትልቋ ዳዶ 36 ቁጥር ናት፤ የምትጠብቀውም በ30 ኪሎግራም ሜትር አካባቢ ነው። በተራ ቁልፍ ታግለህ አትችላትም። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ ማርሽ ገብቶ፣ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፣ ልጁ ፍሬን ረግጦ፣ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ አስገብተን ነው የፈታናት። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ሳለ ይህን የሚሞክር ሰው መኪናዋን ራሱ ላይ ይጥላታል። መልሰህ ስታስራት ደግሞ ዳዶዋን የምትቆልፈው ሽቦ ቀዳዳው አልገጥም ካለ፣ ጨምረህ ታጠብቃለህ እንጂ መልሰህ አታላላም።

ታምቡሩ አልወጣ ካለ ወደ መዶሻ አትቸኩል። ሲያረጅ ጠርዙ ላይ ከንፈር ያወጣና ሸራዎቹን ይይዛል። መጀመሪያ ሸራዎቹን ማላላት ነው። ውስጡ ያለውን ዱቄት ደግሞ በአፍህም ሆነ በኮምፕረሰር አትንፋው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ሳንባ ይጎዳል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ሲከፈት የግራው ካቦ ከሽፋኑ በሚወጣበት ቦታ ላይ ክሮቹ ተበጣጥሰው እንደ ጤፍ ነዶ ተበታትነዋል። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ የክረምቱ ውሃ ሲገባበት ኖሯል። ቀኙ አልተበጠሰም፤ ግን ዝጎ ቱቦው ውስጥ አልንቀሳቀስ ብሏል።

ከፊት በኩል፣ እጀታው ጋ ያለው ሥራ ብዙ አያስቸግርም። የእጀታውን የላስቲክ ሽፋን ወደ ላይ ገፍተህ ዳዶዎቹን ትፈታለህ፤ የእጀታውን ፒን አውጥተህ እጀታውን ታነሳለህ። እዚህ ላይ ጋሼ እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ እጀታው ከወጣ በኋላ ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ እንዳትነካ» አሉኝ። ከተነካች ጥርሱን የሚይዘው ብረት ወጥቶ ይወድቃል፤ መልሶ ማስገባቱ ሌላ ጣጣ ነው። ከኋላ በኩል ካቦውን ከምላሷ አላቅቀህ፣ ታምቡሩ ጀርባ ላይ የያዘችውን ትንሽ ቡሎን ፈትተህ ትስበዋለህ። አዲሱን ግራሶ ቀብተን፣ ጥርሱ እንዳይበላሽ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልለን በዚያው መንገድ አስገባነው። አንድ ሰው ከኋላ ይገፋል፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ጫፉ ብቅ እስኪል ይጠብቃል።

ዋናው ነገር ማስተካከሉ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቸኩለው የሚያልፉትም ይህንኑ ነው። ካቦዎቹ ሙሉ በሙሉ ላልተው መጀመሪያ ሸራዎቹ ይስተካከላሉ። በታምቡሩ ጀርባ ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነሱ ካቻቢቴ አስገብተህ ጥርስ ያላቸውን ማስተካከያዎች ታዞራለህ። በአንድ ጎማ ሁለት ናቸው፣ የሚዞሩትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ታጠብቃለህ፤ መሃል ላይ ሸራዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ የእግር ፍሬኑን ጠንከር አድርገህ ትረግጣለህ። ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ትመልሳለህ። እኔ እዚህ ላይ አልተቻኮልኩም። ትርፉም ወዲያው ታየኝ፤ ወደ ታች ይሰምጥ የነበረው የእግር ፍሬን ፔዳል ከፍ ብሎ መያዝ ጀመረ።

ካቦው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እጀታውን ሁለት ቀጭ እስኪል ትስባለህ። ሁለቱም ጎማዎች በእጅ ሲዞሩ እኩል እስኪከብዱ ድረስ ዳዶዎቹን ታጠብቃለህ። የካቦው ጫፍ ላይ ለካቻቢቴ የተሠራች ስንጥቅ አለች፤ እሷን ካልያዝካት ካቦው አብሮ ይዞርና ይጠመዘዛል። አራተኛው ቀጭ ላይ ጎማዎቹ ጭራሽ መዞር የለባቸውም። እጀታው ሲወርድ ደግሞ ሁለቱም ያለ ምንም ማሸት መዞር አለባቸው። እኩል መሆናቸውን ለማወቅ እኔ ግራውን፣ ጋሼ ቀኙን እያዞርን ቦታ ተለዋወጥን። እጅ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ነው። በመጨረሻ መቆለፊያ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ።

የሞከርኳት ወደ ጎሃ ሆቴል በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። አፍንጫዋ ሽቅብ ሆኖም፣ ቁልቁል ሆኖም ቆመች። ወርጄ የኋላ ቸርኬዎቹን ዳሰስኳቸው፤ ሁለቱም እኩል ለብ ብለዋል፣ የሚያቃጥል የለም። አሁንም ግን ዳገት ላይ ማርሽ አስገብቼ፣ የፊት ጎማዎቹን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሬ ነው የምወርደው። ካቦ የብረት ክር ነው፣ አንድ ቀን ይበጠሳል።

አዲስ ካቦ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይለጠጣል። ጥቂት ከነዳኋት በኋላ ሦስተኛው ቀጭ ላይ መያዝ ስትጀምር ዳዶዎቹን በትንሹ ጨመር አድርጌ ቆለፍኩ። ሸራውን ግን አልነካሁትም። የማስተካከያ ቀዳዳዎቹ መድፈኛ ጠፍቶ ስለነበር ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ደፈንኳቸው። ክረምት ሲገባ ጭቃው የሚገባው በእነሱ ነው።