ለላቲኖ ጎረቤቶቻችን እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንቁጣጣሹ እንዴት አለፈ? ዶሮው አልቆ፣ ደመራው ገና ከፊታችን ነው። በመሃል ግን የላቲኖ ጎረቤቶቻችን፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡት፣ በዓል ገብቷል። ዘንድሮ የበዓል መልእክቴ ስለ እነሱ ይሁን።

በአሜሪካ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኦክቶበር 15 ያለው ጊዜ የሂስፓኒክ ቅርስ ወር ይባላል። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 5 እስከ ጥቅምት 5 መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1968 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን የአንድ ሳምንት በዓል ሆኖ ተጀመረ፤ በ1988 ወር ሙሉ ሆነ። ከወሩ አጋማሽ የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤልሳልቫዶር፣ ጓቲማላ፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓና ኮስታሪካ የነፃነት ቀናቸውን የሚያከብሩት ሴፕቴምበር 15 ነው፤ ዘመኑ 1821 ነበር። በማግስቱ የሜክሲኮ፣ በ18 ደግሞ የቺሊ ይከተላል።

እኛ ዲሲ ያለን ሰዎች በጅምላ «ስፓኒሽ» እንላቸዋለን። አብዛኞቹ ስፔንን አይተዋት አያውቁም! በዋሽንግተን አካባቢ ከላቲኖዎቹ የሚበዙት ሳልቫዶራውያን ናቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ኢንቲፑካ ከምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ይመጣል፣ ወንድሙን ይስባል፣ ወንድሙ ጎረቤቱን። ይሄ ለእኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለምን መጡ ካላችሁ፣ ነገሩ ውስጥ ቡናም አለበት። ከእኛ አገር የወጣው ቡና ኤልሳልቫዶር ውስጥ ገበያው ሲደራ፣ መንግሥት የመንደሮችን የወል መሬት በ1881 እና በ1882 በሕግ አፈረሰው። መሬቱ ቀስ በቀስ በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ገባ። በ1932 ገበሬው ሲነሳ ሠራዊቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ቁርሾው አልበረደም። ማርች 24 ቀን 1980 ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ ቅዳሴ ላይ እያሉ በጥይት ተገደሉ። እኛ አቡነ ቴዎፍሎስን በደርግ ያጣነው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በኤልሳልቫዶር እስከ 1992 የዘለቀ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ።

እናም ሁለታችንም በአንድ ዘመን አዳምስ ሞርጋንና ማውንት ፕሌዛንት በሚባሉት የዲሲ ሠፈሮች ተገናኘን። እኛ ከደርግ ሸሽተን፣ እነሱ አሜሪካ ራሷ ከምትረዳው መንግሥት ሸሽተው። ይህቺ ልዩነት ቀላል አልነበረችም። ከኮሚኒስት መንግሥት ለሸሸው ለእኛ ሰው በሩ የተሻለ ክፍት ነበር። ከሳልቫዶራውያን ግን በ1984 ጥገኝነት ከጠየቁት መቶ ሰዎች ሦስት እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ይሄን በመሃላችን ብዙም ስናወራው አልሰማሁም።

እነሱ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ቲፒኤስ የምንለው ጊዜያዊ ከለላ በ1990 በሕግ ሲወጣ፣ ኮንግረስ በቀጥታ ስማቸውን ጠርቶ የሰጣቸው ለሳልቫዶራውያን ነበር። ከዓመታት ትግልና ከአብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ በኋላ ነው የተገኘው። በ2022 ለኢትዮጵያውያን ቲፒኤስ ሲፈቀድ የተሄደበት መንገድ ይኸው ሕግ ነው፤ የመጀመሪያው ውለታቸው ይሄ ነው። ከለላው ሰውን በጭንቀት እንደሚያኖር አውቃለሁ፤ ዛሬ ይታደሳል፣ ነገ ይሰረዛል። ቢሆንም ብዙ ሰው በእሱ ሠርቶ ቤተሰብ አስተዳድሯል።

ሁለተኛው ውለታ ይበልጥ ቅርብ ነው። ሜይ 5 ቀን 1991፣ እሁድ ማታ፣ ማውንት ፕሌዛንት። ሜክሲኮዎች በ1862 ፑዌብላ ላይ ፈረንሳይን ያሸነፉበት ቀን መታሰቢያ ነው፤ የእኛው ሚያዝያ 27፣ የድል ቀንም ያኔ ነው የሚውለው። አንዲት ፖሊስ፣ መንገድ ላይ ጠጥተዋል ከተባሉት አንዱን ሳልቫዶራዊ ደረቱን በጥይት መታችው። ሰውየው ተርፏል። ፖሊስ «ቢላ ይዞ ነበር» አለ፤ ያዩ ሰዎች «እጁ በካቴና ነበር» አሉ። ሠፈሩ ነደደ። የፖሊስ መኪናዎች ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተሰበሩ፣ ከንቲባዋ ሰዓት እላፊ አወጁ። ሰዓት እላፊ ለእኛ ሰው እንግዳ አልነበረም። በዚያው ወር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ስለወጣ የብዙዎቻችን ጆሮ አዲስ አበባ ላይ ነበር።

ቃጠሎውን አላወድስም። የማደንቀው ከዚያ በኋላ የሠሩትን ነው። ተደራጁ፣ ምስክር አቆሙ፣ ስብሰባ ላይ ተሟገቱ። የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ1993 ባወጣው ሪፖርት ከተማው ላቲኖ ነዋሪዎቹን እንደበደለ፣ ስፓኒሽ የሚናገር በቂ ፖሊስና ሠራተኛም እንደሌለው ገለጸ። ከእስያና ከአፍሪካ የመጡ ማኅበረሰቦችም በኋላ በተደረገው ትግል ገቡበት። በ2004 ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣ። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግላቸው ሰዎች 3 ከመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ እንግሊዝኛ በደንብ ሳይችል አንድ ቋንቋ ከተናገረ ዋና ዋና ሰነዶች በዚያ ቋንቋ ይተረጎማሉ። አስተርጓሚም ይቀርባል። አማርኛ ከስፓኒሽ ጋር ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ እናታችሁ የመንግሥት ቢሮ ሄዳ በአማርኛ የተጻፈ ቅጽ ሲሰጣት፣ ወይም በስልክ አስተርጓሚ ሲመጣላት፣ ከጀርባው ማን እንዳለ አስቡት።

የሜክሲኮም ውለታ አለብን፣ እሱ እንኳ የቆየ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረች ጊዜ ወረራውን አናውቅም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» እያለ ወያላ የሚጠራው አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እነሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው።

በዚህ ወር ፑፑሳ ቤት ግቡ፤ ፑፑሳ ውስጡ አይብ ወይም ቦሎቄ የሚገባበት የሳልቫዶራውያን ቂጣ ነው። ከቂጣው ጋር የሚመጣውን የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን እንዳትተዉት። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ አይብ የሌለውን የቦሎቄውን እዘዙ። ቦሎቄው በአሳማ ስብ ተጠብሶ እንደሆነም ጠይቁ፤ አንዳንድ ቦታ እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ኩሽና ውስጥ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ፓርኪንግ ላይ አብረዋችሁ ለሚሠሩት ላቲኖዎች ደግሞ እንኳን አደረሳችሁ በሏቸው፤ ለመስቀልም ጋብዟቸው።

መልካም ወር ለእነሱ፣ መልካም መስቀል ለእኛ።