የሚያነክሰው ምት
ዛሬ ከሰዓት በኋላዬን በሙሉ ከአባቴ የግድግዳ ሰዓት ጋር አሳለፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ፔንዱለሙን፣ ማለትም ከሥሩ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ዘንግ፣ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ጥቂት ደቂቃ ይወዛወዝና ቀስ እያለ ይቆም ነበር።

ሞላው እስከ መጨረሻው ተጠምዟል። የሰዓትና የደቂቃ ጠቋሚዎቹ ሲተላለፉ አይነካኩም፤ ፔንዱለሙም የሳጥኑን ጀርባ አይነካም።

ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር! «ቀጭ-ቋ... ቀጭ-ቋ...» እያለ ያነክሳል። በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ጊዜ እኩል መሆን ነበረበት። እኩል ካልሆነ ግን በሰዓቱ ውስጥ ያለው ጥርሳም መንኮራኩር በአንድ ጥርስ እንዲያልፍ ፔንዱለሙ ወደ አንድ ወገን አብዝቶ መሄድ ይኖርበታል። እዚያ መድረስ ሲያቅተው በየምቱ የሚያገኘውን ትንሽ ግፊት ያጣና ይቆማል። ዘይት ቢቀባ፣ ሞላው ቢቀየር ለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

የሳጥኑን ግርጌ ወደ ግራ ገፋሁ፤ ባሰበት። ወደ ቀኝ መለስኩት፤ በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። «ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ፣ ቋ» ሲል ልቤ ሞቀ። በደንብ ውኃ ልክ ሆኖ የተሰቀለ መስሎኝ ነበር፤ ሰዓቱ የሚፈልገው ግን የዓይንን ሳይሆን የምቱን እኩልነት ነው።

የኔዘርላንድስ ሳይንቲስት ክርስቲያን ሁይገንስ የመጀመሪያውን የፔንዱለም ሰዓት የፈለሰፈው በ1656 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ያ ጥበብ ዛሬም በጆሮ ብቻ ሊጠገን መቻሉ እጅግ ያስደንቀኛል።

ይህን ስጽፍ ሦስት ሰዓት ሳይቆም ሄዷል። ትንሽ ይዘገያል፤ ነገ ከፔንዱለሙ ሥር ያለችውን ብሎን አዙሬ ክብደቱን ከፍ አደርገዋለሁ።