ፉክሲያ፦ ደሴ ላይ ቁጥቋጦ፣ ቆቦ ላይ የአንድ ወቅት አበባ

ፉክሲያ ዓመት እስከ ዓመት ትኖራለች የሚሉም፣ አንዴ አብባ ትሞታለች የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጉዳዩ የት ተተከለች ነው። አብዛኛው ዘሯ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ተራራማ ቦታ ስለሆነ ቀኑ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ይስማማታል። ሙቀቱ 30 ሲያልፍ እምቡጧን ታረግፋለች፤ ውርጭ ሲመታት ከአፈር በላይ ያለው አካሏ ይጠቁራል። ወሎ ደግሞ ሁለቱም አለው።

ደሴ፣ ቦሩ ሜዳና ኩታበር በቋሚነት መሬት ላይ ትተከል። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኘው የቤቱ ምሥራቅ ጎን ይበቃታል። ዋልካ አፈር ውሃ ቋጥሮ ሥሯን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ቀላቅሉ። አበባ የምታወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ ጥር መጨረሻ ላይ፣ በልግ ሊገባ ሲል፣ ሲሶዋን ግረዙ። ሰው መግረዝ ያሳዝነዋል፤ ያልተገረዘች ፉክሲያ ግን ከታች ራቁቷን ቀርታ ጫፍ ጫፏ ላይ ብቻ ታብባለች።

እንደ ደላንታ ባለው ከፍተኛ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አይምርም። እዚያ የሚያዋጣው ማጄላኒካ የሚባለው፣ ግንዱ ቀጭን፣ አበባው ትንሽ የሆነው ዓይነት ነው። ሲተከል ሁለት ሦስት አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ፤ ላዩ ቢቃጠል እንኳ ከተቀበረው አንጓ ያቆጠቁጣል። ሥሩን በጭድ ሸፍኑ። የጠቆረውን ግንድ ግን ከታች አረንጓዴ እስኪታይ አትቁረጡት፤ ለሥሩ ከለላ ነው። ድርብ አበባ ያላቸው ዓይነቶች በማሰሮ ተተክለው ሌሊት ቤት ይግቡ።

ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ፣ በረንዳ ጥላ ሥር ከሆነች ትዘልቃለች። ቆቦና ከሚሴ ላይ ግን እንደ ወቅት አበባ ቁጠሯት። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከደጋ ያላበበ፣ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለጋ ጫፍ ከአንጓ ሥር ቁረጡ፤ የታችኛውን ቅጠል አንሱና እርጥብ አሸዋ ላይ ትከሉ። በሦስት በአራት ሳምንት ሥር ይሰዳል። ሦስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቀንጥሱ፤ የጎን ቅርንጫፎቹን አንድ ጊዜ ድገሙ። ከመጨረሻው ቅንጠሳ በኋላ ነጠላ አበባ ያለው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ድርቡ ይቆያል። ለቆላ የሚሻለው ትሪፊላ ነው፦ አበባው እንደ ቱቦ ረዝሞ በዘለላ የሚንጠለጠል፣ ሙቀት ከሌሎቹ የሚችል፣ ውርጭ ግን ፈጽሞ የማይችል። ሚያዝያ ሲደርስ ብትከስም አትድከሙ፤ ቁራጩን ከደጋ እንደገና ማምጣት ይቀላል።

አብዛኛው ሰው የሚገድላት በውሃ ነው። ቀትር ላይ ቅጠሏ ሲጠወልግ ጆግ ከማንሳት በፊት ጣት አፈር ውስጥ ይግባ። እርጥብ ከሆነ የጠወለገችው በሙቀት ነውና ወደ ጥላ አዙሯት፤ ማታ ትነሣለች። እርጥብ አፈር ላይ ሲጨመር ሥሯ ይታፈናል፣ ጠውልጋም ትቀራለች።

ክረምት ላይ ቅጠሉን ገልብጡ፦ ብርቱካናማ ዱቄት ካለበት ዋግ ነው። ቅጠሉን ለቅማችሁ አቃጥሉ እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉ፤ ስታጠጡም ውሃው ሥሯ ላይ ይውረድ፣ ቅጠሏን አይንካ። የረገፈው አበባ ትቶት የሚሄደውን ፍሬም ቶሎ ቶሎ ቅጠፉ፤ ፍሬ የያዘች ፉክሲያ ማበቧን ትቀንሳለች።